ከሊብሬ ሌላ መጽሐፍ የለንም?

መኪና ያለው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስለ መኪናው አንድ መጽሐፍ አለው፤ ሊብሬ። ቃሉ «ሊብሬቶ» ከሚለው ጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው። የባለንብረቱን ስም፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይነግረናል። መኪናው እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲታመም ምን እንደሚደረግለት፣ በማን እጅ አልፎ እኛ ዘንድ እንደ ደረሰ ግን አይነግረንም። በዚህ ላይ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ጥያቄና መልስ የያዙትን፣ በየመንገዱ ዳር የሚሸጡትን ቀጫጭን ጥራዞች ጨምሩ። ከዚያ ወዲያ አማርኛ አንባቢ መካኒክ ሥራ ላይ ሆኖ የሚዘረጋው መጽሐፍ ብርቅ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መኪና ስንነዳ፣ ስንጠግንና ስንገፋ የኖርን ሰዎች ነን።

ይህን ያመጣው ድህነት ብቻ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ግጥም ያሳተመ፣ ልቦለድ ያሳተመ፣ የስኬት ምስጢር በአሥር ትምህርት ያሳተመ አገር የፍሬን ጥገና ማሳተም አያቅተውም። ችግሩ ያለው መጽሐፍ የሚመርጡ ሰዎች ዘንድ ነው። የሚያሳትሙት፣ የሚተቹት፣ የሚሰበስቡትና የሚለግሱት «መጽሐፍ» ሲሉ የመካኒኩ መጽሐፍ አይታያቸውም። ሲታያቸውም አመራረጡን አያውቁበትም።

የምኖረው ፊቲያ ነው፤ ከስቶክሆልም በስተደቡብ፣ በቀዩ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ላይ። ሰፈሩ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት እሠራለሁ ብላ በተነሣችበት ዘመን የቆመ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በፎቆቹ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ብታልፉ የተከፈተ ኮፈን አታጡም፤ ዙሪያውን በአምስት ቋንቋ የሚከራከሩ ሰዎችም አታጡም። የማጠናው ደግሞ ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ነው። በዱዊ የቤተ መጻሕፍት አመዳደብ የእኔ ሙያ 800ዎቹ ውስጥ ይቀመጣል፤ የመኪና ጥገና 629.28 ላይ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት መደርደሪያ ነው። ያገሬ የሥነ ጽሑፍ ሰው እዚያ ድረስ ሲራመድ ግን አላየሁም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ የአገር ልጆች ማኅበር ለአገር ቤት የሙያ ማሠልጠኛዎች «ጠቃሚ መጻሕፍት» ሲያሰባስብ ሳጥን በመሙላት አግዤ ነበር። ማኅበሩን በስም አልጠራውም፤ ብጠራው የአንድ ማኅበር ጉዳይ ይመስላል፣ እንዲህ ያለ ማኅበር ግን በየከተማው አለ። ያልተጻፈው መስፈርት ሦስት ነበር፤ አዲስ ይሁን፣ ወፍራም ይሁን፣ እንግሊዝኛ ይሁን። በዚህ መስፈርት ባለቀለሙ የፌራሪ ታሪክ አለፈ። ስለ ሙቀትና ኃይል ሕግጋት የሚያስተምረው የዩኒቨርሲቲ ጥራዝም አለፈ። ገጾቹ በግሪስ የተነካኩ አንድ የሰማንያዎቹ የቶዮታ ኮሮላ የጥገና መጽሐፍ ግን «ይሄማ ቆሻሻ ነው» ተብሎ ወደ ጎን ተጣለ። አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ አንድ ጋሼ ከወለሉ አነሡት። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ዲኤክስ ናት!» አሉኝ። «እኔ ይችን የመሰለ መጽሐፍ ሳላይ ስንት ሞተር አወረድኩ መሰለህ።»

የጋሼ ዓረፍተ ነገር የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ ነው። ያንን ሁሉ ሞተር ያወረዱት በጆሮ፣ በእጅና በአለቃቸው ቁጣ ነው። አዋቂ ናቸው። ግን የቴስታታ ብሎን ሲያስሩ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በተወሰነ የኒውተን ሜትር ልክ መሆን እንዳለበት የሚያሳየው ሥዕል መጽሐፍ ላይ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው የሚይዘው። ያንን ግማሽ ገጽ ያላየ ሰው ቅደም ተከተሉን የሚማረው ጥቂት ቴስታታ ካጣመመና ጥቂት ጓርኒሲዮን ካቃጠለ በኋላ ነው። የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለመኪናው ነው፤ ብዙ ጊዜ ያ ባለመኪና የዕለት ጉርሱን ከዚያች መኪና የሚያገኝ ባለታክሲ ነው።

እንግዲህ ጠቃሚ መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

በመጀመሪያ፣ መጽሐፉ መንገድ ላይ ያለውን መኪና ይምሰል። የኢትዮጵያ መንገድ በፌራሪ አልተሞላም። ዲኤክሱ፣ ቪትዙ፣ ሃይሉክሱ፣ ዶልፊንና አባዱላ የምንላቸው ሚኒባሶች፣ አይሱዙው፣ ሲኖው ናቸው ያሉት። ለእነዚህ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ኮፈኑ ላይ ያለውን ስም ትቶ የሞተሩን ኮድ ይመልከት። ቪትዝ ብላችሁ ብትፈልጉ አውሮፓ ውስጥ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ እዚህ የተሸጠችው ያሪስ ተብላ ነው። የመጀመሪያዋ ትውልድ ባለ አንድ ሊትር ሞተር ግን በሁለቱም ስም ያው 1ኤስዜድ ነው። የሃይኤስ ናፍጣ ሞተር 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ መጽሐፍ ለሌላው በከፊል ብቻ ይሠራል። ኮዱ የት ይገኛል? ሞተሩ ላይ ከተመታው ቁጥር መጀመሪያ። ያንን ቁጥር ደግሞ ሊብሬው ይዞታል። የናቅነው ትንሽ መጽሐፍ ትልቁን መጽሐፍ መምረጫ ነው ማለት ነው።

«አዲስ ይሁን» የሚለው መስፈርትም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሄንስ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1966 በአንዲት ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት ጀምሮ አንድ ዘዴ ተከተለ፤ መኪናውን ፈትቶ፣ መልሶ ገጥሞ፣ የሠራውን በፎቶና በቁጥር መጻፍ። በ2020 አዳዲስ የጥገና መጻሕፍትን በወረቀት ማሳተም እንደሚያቆም አስታወቀ። ስለዚህ እኛ አገር አሁንም ጎዳና ላይ ላሉት የሰማንያዎቹና የዘጠናዎቹ መኪኖች የሚሆኑት ጥራዞች ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ከቤት የሚጣሉት ናቸው። ስቶክሆልም ባሉ የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች ከአንድ ቡና ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ። ግሪስ የነካው መጽሐፍ የሠራ መጽሐፍ ነው፤ የትኛው ገጽ ብዙ እንደሚያስፈልግ እንኳ እድፉ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ የተጻፈበትን አየር ጠይቁ። ስዊድን ውስጥ የታተመ የመኪና መጽሐፍ ብዙ ገጽ ስለ ዝገት ያወራል፤ ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናልና። ስለ ክረምት ጎማና ስለ ሞተር ማሞቂያም ያወራል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በባሕር ወለል ልክ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ መኪናዋ ትጨሳለች፣ ዳገት ላይ ትደክማለች። ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አለመያዙ ሎንዶን ካለው ይልቅ እኛን ያሳስበናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ባለጭነት ስለ ፍሬን ግለት የሚነግረው ምዕራፍ ያስፈልገዋል፤ ሜዳ አገር የተጻፈ መጽሐፍ በሁለት መስመር ያልፈዋል። ይህ ማለት የውጭ መጽሐፍ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የሚያጎድለውን የሚሞላ ሁለት ገጽ መግቢያ ያስፈልገዋል፤ ያንን ገጽ ከጋራዦቻችን በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ እዚህ ላይ ከሁለት ወገን ጋር እጣላለሁ። አንደኛው ወገን «ቴክኒክ በእንግሊዝኛ ነው» ይላል። የማሠልጠኛዎቹ መማሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጋራዡ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት «ክላች» ብሎ ተምሮ ሥራ ሲገባ አለቃው «ፍሪሲዮን አምጣ» ይለዋል። ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቢዬላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ሰልባትዮ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ዳዶ፣ ብሎን፤ ይህ ሁሉ የጣሊያን ቃል አማርኛ ሆኖ፣ የአማርኛ እርባታ ለብሶ፣ በሠራተኛ አፍ ተጠርቦ የኖረ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቋንቋ እናጠራለን ባዩ ነው። «የኃይል ማቋረጫ»፣ «የነዳጅ ቋት»፣ «የእንቅስቃሴ አስጀማሪ» እያለ ይፈጥራል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «የእንቅስቃሴ አስጀማሪ አለ?» በሉና ተመለሱ። የሚገርመው፣ በሞተሪኖ የሚያፍረው ሰው በየአንቀጹ «ዲስኮርስ» እና «ፖስትሞደርን» ሲል አያፍርም። ከጣሊያን ወራሪም ሆነ ከጣሊያን ነጋዴ የመጣ ቃል እጁን ዘይት የነካው ሰው ከወረሰው የእኛ ነው። ጥሩ የአማርኛ የጥገና መጽሐፍ በፍሪሲዮን ይጻፋል፤ በስተኋላው ባለ ሦስት ዓምድ መፍቻ ይኖረዋል፤ የጋራዡ ቃል፣ የእንግሊዝኛው ቃል፣ ከአጠገቡ ሥዕሉ። ያ መፍቻ ከትምህርት ቤት ወደ ጋራዥ የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ እስከ ዛሬ አለመስፋፋቱ ያሳዝናል።

አራተኛ፣ መጽሐፉ የማያውቀውን ሰው ያክብር። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ ጥገና ሲነሣ የሚጠቅሱት አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሮበርት ፒርሲግ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ዜንና ስለ ሞተር ብስክሌት ጥገና የጻፈው። ፒርሲግ ራሱ ስለ ሞተር ብስክሌት ብዙ እውነት እንደማይገኝበት መግቢያው ላይ አስጠንቅቋል፤ አንባቢዎቹ ግን አልሰሙትም። እኔ የምጠቅሰው ሌላውን ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1969፣ ጆን ሚዩር የተባለ ኢንጂነር የነበረ ሰው ቮልስዋገንን በሕይወት ስለ ማቆየት አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ለፍጹም ጅል የተዘጋጀ ነው ብሎም ርእሱ ላይ ጻፈበት። ፒተር አሽዋንደን በእጁ ሣለለት። መጽሐፉ አንባቢውን በጅልነቱ አያፍርበትም። የትኛውን ቁልፍ እንደሚይዝ፣ በየት በኩል እንደሚተኛ፣ መቼ አቁሞ ሻይ መጠጣት እንዳለበት እንደ ወንድም ይነግረዋል። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ግን አይቀልድም። እኛ አገር በቮልስ ያልተንከላወሰ ቤተሰብ ስንት ነው? ያቺ ጥንዚዛ በእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ስም የወጣለት መካኒክ ነበራት። ከእነዚያ መካኒኮች አንዱን አስቀምጦ፣ ሲያወራ ቀድቶ፣ ጎበዝ ሠዓሊ አጠገቡ አድርጎ መጽሐፍ ማውጣት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ከአንድ የግጥም መድብል አይበልጥም።

«አሁን እኮ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ፤ ጥሩም ነገር አለ። በአማርኛ የሚያስተምሩ መካኒኮች አሉ፤ እጃቸው ይባረክ። ነገር ግን ቪዲዮ አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ መኪና ላይ ያደረገውን ያሳያል። የቮልስ ቫልቭ ክፍተት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ደቂቃ ማየት አለባችሁ፤ መጽሐፍ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ነው፣ ለብዙዎቹ የኋላ ሞዴሎች 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ። መኪና ሥር ተኝቶ በዘይት እጅ ስልክ መንካት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት የኖሩ ከተሞችም ያውቁታል። ደግሞ ቪዲዮ ማውጫ የለውም፤ ያልጠየቅኸውን አያሳይህም። ልምድ የሌለው ሰው ደግሞ ትልቁ ችግሩ ምን መጠየቅ እንዳለበት አለማወቁ ነው።

ወደ ታሪክ ልለፍ፤ የመኪና ታሪክ መጽሐፍ ስንመርጥም የምንስተው ያንኑ ነው። የምንገዛው የፈጣሪዎችንና የፋብሪካዎችን ታሪክ ነው፤ ስለ እኛ ሲሆን ደግሞ የቤተ መንግሥቱን። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ በተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ መኪናዋም ለዳግማዊ ምኒልክ ቀረበች። ክሊፎርድ ሃሌ ያንን ጉዞ «ወደ ምኒልክ በመኪና» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን ላይ አሳተመው። ይነበብ፤ ግን የነጭ ጀብዱ መጽሐፍ መሆኑ እየታወቀ። እኔን የሚያጓጓኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያቺ መኪና ስትቆም ማን አስነሣት? የመጀመሪያዎቹ ሾፌሮችና መካኒኮች ከማን ተማሩ? ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ጋራዦቹን፣ መፍቻዎቹንና ቃላቱን የወረሱት እነማን ናቸው? ኤንትሬ እየነዱ አሰብ የተመላለሱት ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ምን አዩ?

ሌሎች ጽፈውታል። ጄኒፈር ሃርት ስለ ጋና ሾፌሮች እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጆሹዋ ግሬስ ስለ ታንዛኒያ መኪና በ2021 ያወጧቸው መጻሕፍት የሚጀምሩት ከሚነዳውና ከሚጠግነው ሰው ነው። ግሬስ የዳሬ ሰላምን የመንገድ ዳር ጋራዦች እንደ ዕውቀት ቤት ያያቸዋል። ይህን መጽሐፍ የሙያ ማሠልጠኛ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጡ ተማሪው ራሱን ያገኝበታል፤ ከፌራሪው አልበም የሚያገኘው ምኞት ብቻ ነው።

የእኛን ቸልተኝነት የሚለካ አንድ ነገር ልጥቀስ። ስዊድን እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1967 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሻገረች። ቀኑ ስም ወጥቶለታል፣ ዘፈን ተዘፍኖለታል፣ ፎቶግራፉ እስካሁን ይዘዋወራል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይማሩታል። ኢትዮጵያም ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግራለች፤ ያውም ከስዊድን ሦስት ዓመት ቀድማ፣ በ1956 ዓ.ም.። ያን ዕለት መንገድ ላይ የነበረ ሾፌር ዛሬ በሕይወት ካለ ሰማንያውን አልፏል። እዚህ ፊቲያ የስዊድኑን ቀን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወጣት አግኝቻለሁ፤ የራሱን አገር የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ደግሞ ስሞቹ ብቻ ይበቃሉ። ሕዝቡ አንዱን አይሱዙ አልቃይዳ፣ ሲኖትራኩን ቀይ ሽብር ብሎ ሰይሟል። ይህ ፌዝ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ ስለሚሞተው ሰው የተነገረ ፍርድ ነው። የታሪክ መጽሐፍ የሚሆን ነገር ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል?

ጉዳዩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ውጤቱ ሁለት ነው። ያሉት አሮጌ መኪኖች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ይኖራሉ፤ ስለዚህ አሮጌው መጽሐፍ ይበልጥ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል የስክሪናቸው ጽሑፍ ቻይንኛ የሆነ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጋራዥ ደጃፍ ደርሰዋል። ነዳጅ መኪና ላይ ስሕተት መኪና ያበላሻል፤ እዚህ ግን ሰው ይገድላል። ብርቱካናማ የሆነው ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዟል። ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም የተጠራቀመው እስኪወርድ ደቂቃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የሚለበሰው የጎማ ጓንት ለዚያ ቮልት የተፈተነ መሆን አለበት። በመርፌና በሙከራ ባትሪ መፈተሽ የለመደ ጎበዝ የመንደር ኤሌክትሪሽያን ይህን በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል፣ ከነሥዕሉ ካልነገሩት ጀግንነቱ ይጎዳዋል። ዛሬ ሊታተም የሚገባው አንደኛው መጽሐፍ ይህ ነው፤ ሠላሳ ገጽ ይበቃዋል።

ስለዚህ ለለጋሾች፦ ሳጥን ከመሙላታችሁ በፊት ማሠልጠኛውን ወይም ጋራዡን ደውላችሁ የአምስት መኪና ሞተር ኮድ ጠይቁ፤ መጽሐፍ በዚያ ልክ ፈልጉ። የስዊድንኛም ቢሆን ሥዕሉና ቁጥሩ ይናገራል፤ እናንተ ደግሞ አሥር ገጽ መተርጎም አያቅታችሁም። ስዊድን ላላችሁ አንባቢዎች፦ የቤተ መጻሕፍት ሕጉ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስዊድንኛ ላልሆነ ሰዎች ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ ያዛል፤ የአማርኛ የሙያ መጽሐፍ ይገዛልን ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠያቂ ከሌለ ገዢ የለም፣ ገዢ ከሌለም አሳታሚ የለም። ለአሳታሚዎች፦ መካኒኩን ምስጋና ገጽ ላይ አትጣሉት፤ ሽፋኑ ላይ ስሙን ጻፉ፣ ክፈሉት። ለሐያስያን፦ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲወጣ እንደ ልቦለድ ቁም ነገሬ ብላችሁ ተቹት። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው ወይ? ሥዕሉ ከቃሉ ጋር ይስማማል ወይ? ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ? ይህም ሂስ ነው፤ እንዲያውም የተሳሳተ ሂስ ፍሬን ሊያስበጥስ የሚችልበት ብቸኛው ዘርፍ ነው።

ያ የኮሮላ መጽሐፍ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ ከላይ ተደርጎ፣ ጋሼ ባዘጋጁት አንድ ገጽ የጋራዥ ቃላት ተሸፍኖ። ፌራሪው እዚህ ቀርቷል፤ የሚፈልገው ካለ ፊቲያ መጥቶ ይውሰድ።